ዌብሶኬት ቢሮ ውስጥ አልገናኝ ካላችሁ
በዌብሶኬት (ብሮውዘርና ሰርቨር ሳይቋረጡ በሚነጋገሩበት መስመር) ቤት ሲሠራ የነበረው የቀጥታ ቻት ቢሮ ሲገባ እምቢ ካለ፣ ኮዱን ከመበርበራችሁ በፊት አድራሻው ያልተመሰጠረው ws:// ወይስ የተመሰጠረው wss:// መሆኑን እዩ። ያልተመሰጠረውን ግንኙነት መሀል ላይ ያለው ፕሮክሲ (የቢሮውን ትራፊክ የሚያስተላልፈው ሰርቨር) ስለሚያነበው "አፕግሬድ" የሚለውን ሄደር (ግንኙነቱ ወደ ዌብሶኬት ይቀየር የሚለውን የጥያቄ መስመር) ቆርጦ ሊጥለው ይችላል፣ በቃ እዚያው ይሞታል። እኔ ፖርት 8080 ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ፈጅቻለሁ። በደብሊው ኤስ ኤስ (wss://)፣ በፖርት 443 ሂዱ። ያኔ ብሮውዘሩ ፕሮክሲውን በ"ኮኔክት" ጥያቄ እስከ ሰርቨሩ ቀጥታ መስመር ያስከፍተዋል፣ ከዚያ የሚያልፈው የተመሰጠረ ስለሆነ አብዛኛው ፕሮክሲ ሳይነካው ያሳልፈዋል።

ሰርቨራችሁ ፊት ኤንጂንኤክስ (ጥያቄዎችን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ የዌብ ሰርቨር) ካለ ደግሞ፣ ካልቀየራችሁት 60 ሰከንድ ዝም ያለውን ግንኙነት ይዘጋዋል፤ በየ30 ሰከንዱ ፒንግ ("አለሁ" የምትል ትንሽ መልእክት) ላኩ። ፕሮክሲው ራሱ ምስጠራውን እየፈታ የሚያይ ከሆነ የድርጅቱን ሩት ሰርተፍኬት (ኮምፒውተሩ ፕሮክሲውን እንዲያምነው የሚያደርገውን) ጫኑ እንጂ፣ እባካችሁ፣ የሰርተፍኬት ማረጋገጫውን አታጥፉ።