ፕሮፔለርን በቱቦ ውስጥ ሲያስገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሮን ወይም አነስተኛ አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች ፕሮፔለራቸውን በክብ ቱቦ (በሙያው አጠራር ዳክት) ሲከቡት ብዙ ይጠብቃሉ። ተስፋቸው መሠረት አለው። ነገር ግን ቱቦው በምን መንገድ እንደሚጠቅም ሳይረዱ ስለሚገጥሙት ብዙ ጊዜ ትርፉ ክብደት ብቻ ይሆናል።

ቱቦውን እንደ አጥር ማየት

የሌሎቹ ስህተቶች ሁሉ እናት ይህ ነው። ቱቦ የሚጠቅመው ከፕሮፔለሩ ክንፎች ጫፍ የሚያመልጠውን አየር ስለሚያግድ ብቻ ይመስላቸዋል። ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። አንድ ቦታ ቆሞ የሚሽከረከር ክፍት ፕሮፔለር ወደ ኋላ የሚሰደው አየር እየጠበበ ይሄድና በመጨረሻ ፕሮፔለሩ ሲሽከረከር ከሚሸፍነው ክብ የገጽ ስፋት ግማሹን ብቻ ይይዛል። የጠበበ አየር ይፈጥናል፤ አየርን ለማፍጠን የሚወጣው ጉልበት ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ይደክማል። ቱቦው አየሩ እንዳይጠብ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ብዙ አየር በዝግታ ይገፋል። የመውጫው ስፋት ከፕሮፔለሩ ስፋት ጋር እኩል ከሆነ፣ ብክነት በሌለበት ስሌት፣ ያው ሞተር በዚያው ጉልበት 26 በመቶ ያህል ተጨማሪ ገፊ ኃይል ይሰጣል። ከጠቅላላው ገፊ ኃይል ግማሹን የሚያመነጨው ደግሞ ቱቦው ራሱ ነው። የማይሽከረከር ዕቃ ግማሹን ሥራ ይሠራል ሲባል ለማመን ይከብዳል፤ ቀጣዩ ስህተት የሚመጣውም ከዚሁ አለማመን ነው።

የቱቦውን አፍ ስል አድርጎ መተው

የቱቦው ገፊ ኃይል የሚወለደው በአፉ ጠርዝ ላይ ነው። አየሩ ክብ በሆነው ጠርዝ ላይ ተጠምዞ ሲገባ ይፈጥናል፣ በዚያ ቦታ የአየር ግፊቱ ይወርዳል፣ ቱቦውም ልክ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ወደ ፊት ይሳባል። የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ ቆርጦ የሚገጥም ሰው ይህን ሁሉ ጥሎታል። አየሩ ስል ጠርዝን ተከትሎ መታጠፍ ስለማይችል ይላቀቃል፤ ተረብሾም ክንፎቹን ይመታል፣ ጩኸቱም ይጨምራል።

በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል። ክንፎቹ ጋ የማይደርሱ አጫጭር የሱፍ ክሮችን በአፉ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ዙሪያውን ይለጥፉና ሞተሩን ያስነሡ። ክሮቹ ወደ ውስጥ ተኝተው ጸጥ ካሉ አየሩ ጠርዙን ይዞታል። ከተርገበገቡ ወይም ወደ ኋላ ከዞሩ ተላቆታል፤ ጠርዙን የበለጠ ማክበብ ያስፈልጋል።

ክፍተቱን ማስፋት

በክንፉ ጫፍና በቱቦው ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ መሆን አለበት። ለ20 ሴንቲ ሜትር ፕሮፔለር አንድ ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው፤ አምስት ሚሊ ሜትር ከተተወ ግን ከጥቅሙ ብዙው ያመልጣል። የሚተጣጠፍ ስስ ቱቦም ክፍተቱን ስለሚለዋውጥ አይሆንም።

ያንኑ ፕሮፔለር ማስገባት

ቱቦው በክንፎቹ መካከል የሚያልፈውን አየር ያፈጥነዋል። ለክፍት አየር የተሠራ ፕሮፔለር በዚህ ፍጥነት ሸክሙ ይቀልለትና የሞተሩን ጉልበት ሳይጠቀምበት በከንቱ ይሽከረከራል። የክንፎቹ ዘንበልታ መጨመር አለበት፤ ጫፋቸውም ሾጣጣ ሳይሆን ግድግዳውን ተከትሎ የተቆረጠ ቢሆን ይሻላል።

በፍጥነት በረራም ያንኑ ጥቅም መጠበቅ

ጣሊያናዊው መሐንዲስ ሉዊጂ ስቲፓ ፕሮፔለሩንና ሞተሩን በበርሜል መሰል አካል ውስጥ ያስገባበትና የካፕሮኒ ፋብሪካ የሠራው አውሮፕላን በ1932 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በረረ። በዝግታ ማረፍ ይችል ነበር፤ ነገር ግን በ120 የፈረስ ጉልበት ሞተር በሰዓት ከ130 ኪሎ ሜትር ብዙም አላለፈም። ፕሮፔለሩ ያተረፈውን ያ ሁሉ ግድግዳ በጎታች ኃይል መልሶ በላው። ቱቦ የዝግታ ወዳጅ ነው፤ ፍጥነት ሲጨምር ጥቅሙ ይቀንሳል፣ ጎታች ኃይሉ ግን ያድጋል።

«ታዲያ የጄት ሞተር ለምን ቱቦ አለው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ቱቦ ያለውም ክፍቱም ጎን ለጎን ይታያሉ። ቦይንግ 787 ከድምፅ ፍጥነት 85 በመቶ አካባቢ ስለሚበር፣ የሞተሩ ቱቦ አየሩን በሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከሩት ክንፎች ጋ ሳይደርስ ያዘገየዋል። ሥራው ከላይ ካየነው ተቃራኒ ነው። ወደ ክልል ከተሞች የሚበረው ኪው 400 ግን ባለ ስድስት ክንፍ ፕሮፔለሮቹን ክፍት አድርጎ ይበራል፤ በእነዚያ ትላልቅ ፕሮፔለሮች ዙሪያ ቱቦ ቢደረግ ክብደቱና ጎታች ኃይሉ ከጥቅሙ ይበልጡ ነበር።

በተሳሳተ ሚዛን ማወዳደር

ከላይ ያየነው ብክነት የሌለበት ስሌት እንደሚያሳየው በቱቦ ውስጥ ያለ 10 ሴንቲ ሜትር ፕሮፔለር ቆሞ ሲሠራ የሚስተካከለው ከ14 ሴንቲ ሜትር ክፍት ፕሮፔለር ጋር ነው። ቦታ ካለዎት ትልቁን ክፍት ፕሮፔለር ይምረጡ፤ ቀላልና ርካሽ ነው። ቱቦ ዋጋ የሚያገኘው ቦታ ሲጠብ ወይም ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ ነው።

ሲለኩም በወጥ ቤት ሚዛን ላይ ሁለቱን በእኩል የኤሌክትሪክ ፍጆታ ያሠሩና ከተገኘው ገፊ ኃይል ላይ የቱቦውን ክብደት ይቀንሱ። አምራቹ ከጻፈው ቁጥር ጋር ግን አያወዳድሩ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለል በ20 በመቶ ያህል ስለሚያንስ፣ ያው ፕሮፔለር በዚያው የሽክርክሪት ፍጥነት የሚሰጠው ገፊ ኃይልም በዚያው ልክ ያንሳል።