የፕሮግራመር ሥራ ስትፈልጉ ቀጣሪ ዓይን ውስጥ ለመግባት

አዲስ አበባ ውስጥ ለመሥሪያ ቤታችን ፕሮግራመር ሲፈለግ ሲቪ የማጣራው እኔ ነኝ። መጀመሪያ የምከፍተው የጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ሊንኩን ነው። ዲግሪውን ኋላ አየዋለሁ።

እዚያ ብዙ የተጀማመረ ነገር ከማይ አንድ ያለቀ ባይ ይሻለኛል። ሁሉም የሚሠራውን ቱ ዱ ሊስት (የሚሠሩ ነገሮች መመዝገቢያ) ተዉት። ከሰፈራችሁ ችግር ተነሡ። ለምሳሌ የዕቁብ መመዝገቢያ ሥሩ፤ ዕጣ የወጣለትንና ያልከፈለውን ለይቶ ያሳይ። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር አድርጉት። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፣ በየ4 ዓመቱ ግን 6 ትሆናለች፤ የ2015ቷ 6 ነበረች። ይህን በትክክል የሚያሰላ ኮድ ከነቴስቱ (ትክክል መሥራቱን ከሚፈትሸው ኮድ ጋር) ሳይ ልቤ ይሞላል። እንዲህ የሚጠነቀቅ ልጅ የደንበኛ ገንዘብም አይሳሳትም።

ሪድሚው (ከኮዱ ጋር የሚቀመጠው የማብራሪያ ፋይል) ባዶ አይሁን። ምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚነሣ ጻፉ፤ ስክሪንሾት ጨምሩ። የዳታቤዝ ፓስወርድ ከኮዱ ጋር እንዳይወጣባችሁ። ከወጣ ፋይሉን ማጥፋት አይበቃም፤ የድሮው ኮሚት (ቀድሞ የተመዘገበው የኮዱ ቅጂ) ውስጥ ይቀራል። ፓስወርዱን ራሱን ቀይሩት።

ሲቪው አንድ ገጽ ይበቃዋል። የማትችሉትን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ አትደርድሩ፤ የምጠይቃችሁ ከዚያው ነው።

ኢንተርቪው ላይ ኮድ ስትጽፉ ዝም አትበሉ። የምታስቡትን እየተናገራችሁ ጻፉ፤ አማርኛና እንግሊዝኛ ቢቀላቀል ችግር የለውም። ጥያቄው ካልገባችሁ ጠይቁ፣ ነውር አይደለም። መልሱ ሳይሞላላቸው አካሄዳቸው አምሮ ያሳለፍኳቸው ልጆች አሉ።