በከተማ መካነ እንስሳት ማን ከማን ጎን ይኑር?

አዲስ መካነ እንስሳት ሲታቀድ ወይም ነባሩ ሲስፋፋ ውይይቱ የሚጀምረው ከስም ዝርዝር ነው፦ አንበሳ፣ ዝሆን፣ ቀጭኔ፣ ዘንዶ፣ ፔንግዊን። ዝርዝሩ በረዘመ ቁጥር ግቢው የበለጸገ ይመስላል። ሆኖም 60 ዝርያ ሰብስቦ ግማሹን በቅጡ መያዝ ካቃተው ግቢ 25 ዝርያ አስተካክሎ የያዘው ይሻላል። ስለዚህ ከዝርዝሩ በፊት የግቢውን ካርታ ዘርጉና ማን ከማን ጎን መኖር እንደማይችል አስምሩበት። የከተማ ግቢ ጠባብ ነው፤ እንስሳቱ አየር፣ ፍሳሽ፣ የእጅ ጋሪና ተንከባካቢ ይጋራሉ። ብዙው ጥፋት የሚመጣው ከዚሁ መጋራት ነው።

መጀመሪያ የበሽታው መስመር

ዊልደቢስት የሚባለው የአፍሪካ የዱር እንስሳ አንድ ቫይረስ ተሸክሞ ዕድሜውን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። ያው ቫይረስ ወደ ከብት ወይም ወደ አጋዘን ሲሻገር ግን ትኩሳት፣ የዓይንና የአፍንጫ ቁስለት አምጥቶ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። በብዛት የሚረጨው ከጥጆቹ ስለሆነ የወሊድ ወቅቱ ከሁሉም ይከፋል። በጎችም የዚሁ ቫይረስ ዘመድ አላቸው፤ ባይሰን ለሚባለው የዱር በሬና ለበርካታ የአጋዘን ዝርያዎች አደገኛ ነው። ብዙ ግቢዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ልጆች የሚዳስሷቸውን በጎች "ቦታው ባዶ ነው" ብለው ከአጋዘኖቹ አጥር አጠገብ ያኖሯቸዋል። ቫይረሱ አጥር ተሻግሮ ስለሚተላለፍ ሽቦ መጨመር አይረዳም። ሁለቱን በግቢው ሁለት ዳር አኑሩ፤ ጋሪ፣ አካፋና ቦቲ ጫማም አይጋሩ።

ቀጥሎ የድመት ወገን ነው። ከአንበሳ እስከ አነር ያሉት ሁሉ በዓይነ ምድራቸው ቶክሶፕላዝማ የሚባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ሊያወጡ ይችላሉ። ሌሙር የሚባለው የማዳጋስካር እንስሳ፣ ካንጋሮና ስኩዊረል የሚባለው የደቡብ አሜሪካ ጦጣ በዚህ በሽታ ምልክት እንኳ ሳያሳዩ በድንገት ይሞታሉ። የተሕዋሱ እንቁላል ከወጣ በኋላ መበከል የሚጀምረው ከ1 እስከ 5 ቀን ውስጥ ስለሆነ ዓይነ ምድሩ በየ24 ሰዓቱ መነሳት አለበት። በረኪና እንቁላሉን አይገድለውም፤ የፈላ ውሃ ወይም የእንፋሎት ማጠቢያ ይገድለዋል። በተግባር ሲታይ ግን ከአንበሳው ይልቅ የሚያሰጋው በድርቆሽ መጋዘን ውስጥ የምትተኛው ባለቤት አልባ ድመት ናት። የመጋዘኑን በር ዝጉ።

የጦጣዎቹን ቤት በተመለከተ፣ ስኩዊረል ጦጣ ራሱን እምብዛም የማይጎዳው ሄርፒስ ቫይረስ ማርሞሴት የሚባለውን ትንሽ ጦጣ ይገድላል፤ ጎን ለጎን አይቀመጡ። ሰውም የዚህ ሰንሰለት አካል ነው። ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ተንከባካቢ ቁስሉ እስኪድን ማርሞሴት ቤት አይግባ። ጎብኚውንም ከእነዚህ ትናንሽ ጦጣዎች የሚለየው ሽቦ ሳይሆን መስታወት ይሁን።

ፔንግዊን ያለበት ግቢ ትንኝ ይፈራል። በአካባቢው ወፎች ደም ውስጥ ያለውን ወባ ትንኟ ወደ ፔንግዊኑ ታደርሳለች፤ ፔንግዊን ደግሞ ይህን በሽታ የሚቋቋም አቅም የለውም። የጉማሬ ገንዳ፣ የፍላሚንጎ ኩሬና የተዘጋ የጣሪያ አሸንዳ ከፔንግዊኑ ቤት መራቅ ወይም ውሃቸው መንቀሳቀስ አለበት።

በአንድ ሜዳ ብዙ ዝርያ

ቀጭኔ፣ የሜዳ አህያ፣ ሰጎንና ሳላ በአንድ ሜዳ ላይ ሲታዩ ያምራሉ፤ ቦታም ይቆጥባሉ። ከሁሉ ጠበኛው ብዙ ሰው እንደሚገምተው ባለ ረጅም ቀንዱ ሳላ ብቻ አይደለም፤ የሜዳ አህያ ድንጉላ አዲስ የተወለደ ግልገል አሳዶ ነክሶ ይገድላል። ድንጉላ ካለ ያረገዙት ሁሉ ከመውለጃቸው ቀደም ብለው ወደ ሌላ በረት ይውጡ፤ ግልገሉ ሮጦ ማምለጥ እስኪችልም አይመለሱ።

ሜዳው ሹል ማዕዘን አይኑረው። ሁለት አጥሮች በጠባቡ የሚገናኙበት ቦታ ደካማው ተይዞ የሚወጋበት ቦታ ነው፤ ማዕዘኑን በግንድ ወይም በእንጨት አጥር ክብ አድርጉት። እያንዳንዱ መጠለያ ሁለት መውጫ ይኑረው። ከሜዳው ጥግ ደግሞ ትንንሾቹ ብቻ የሚያልፉበት መሸሸጊያ ሥሩ፦ ወፍራም ቋሚ ግንዶች በመደዳ ይተከላሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ትንሹን ዝርያ በደረቱ ስፋት ያሳልፋል፣ ድንጉላውን በትከሻው ይይዛል። መለኪያው ያደገው ትንሹ እንስሳ ነው እንጂ ግልገሉ አይደለም፤ በግልገል ልክ ከተሠራ እናቲቱ ውጭ ትቀራለች፣ ግልገሉም ተከትሏት ይወጣል። ቀንዱ ወደ ጎን የተዘረጋ ዝርያ ካለ በሩጫ ሲገባ እንዳይሰካ ክፍተቱን እንደገና ለኩ።

የመኖ ቦታው ቁጥር ከእንስሳቱ ቁጥር ቢያንስ በአንድ ይብለጥ፤ አንዱ ጉልበተኛ ሁለት ገንዳ መጠበቅ እንዳይችልም ይራራቁ። የቀጭኔው መኖ ከፍ ብሎ ይሰቀል። ለከብት ወይም ለዶሮ የተዘጋጀ መኖ ስትገዙ ሞኔንሲን የሚባል መድኃኒት እንዳልተቀላቀለበት በጽሑፍ አረጋግጡ፤ ከብቱን አይጎዳውም፣ የሜዳ አህያን ግን ልቡን አድክሞ ይገድላል። ለሌሎች የተሠራ መዳብ የበዛበት የጨው አሞሌም በግ ካለበት ሜዳ አይግባ።

ማለማመዱ በሳምንታት ይሠራል። መጀመሪያ አዲሱ እንስሳ የነባሮቹን ጠረን እንዲያውቅ በረት አቀያይሩ። ከዚያ በፍርግርግ ተለያይተው ይተያዩ፤ ፍርግርጉን መግጨት ትተው ጎን ለጎን ድርቆሽ ሲበሉ ካያችሁ ቀጥሉ። ሜዳውን መጀመሪያ ደካማው ብቻውን ይልመደው፤ መሸሸጊያውንና መውጫውን ሳያውቅ ከጉልበተኛው ጋር ከተገናኘ በድንጋጤ አጥር ላይ ይላተማል። መገናኛው ቀን ጠዋት፣ ደረቅ መሬት ላይ፣ ሁሉም ከበሉ በኋላ ይሁን፤ በየበሩ ሰው፣ በእጅም የውሃ ጎማ ይኑር። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይለፍ። ማታ ግን ለወራት በሰላም ቢውሉም ለየብቻ ይደሩ፤ ጥል የሚነሳው ሰው በሌለበት ጨለማ ነው።

አዲስ ሲመጣ

ወረቀቱ ከእንስሳው ቀድሞ ይድረስ፤ በተለይ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው፣ ለመጥፋት የሚያሰጉ ዝርያዎችን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይቲስ ስምምነት ለተመዘገቡ ዝርያዎች ስምምነቱ የሚጠይቀው ፈቃድ ሳይሟላ ሳጥን አይነሳ። ለይቶ ማቆያው የራሱ ፍሳሽ፣ ልብስና መሣሪያ ያለው ይሁን። ተንከባካቢው ከሌሎቹ ጋር የሚጋራ ከሆነ ወደዚህ የሚገባው በቀኑ መጨረሻ ነው።

ቆይታው ቢያንስ 30 ቀን፣ ለጦጣና ለዝንጀሮ ወገን ከ60 እስከ 90 ቀን ነው። በመካከሉ ሌላ እንስሳ ከገባ ቆጠራው ለሁሉም ከአንድ ይጀምራል፤ "አምስት ቀን ነው የቀረው" እያሉ ማለፍ ለይቶ ማቆያውን ከንቱ ያደርገዋል። ዓይነ ምድር በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ይመርመር። የጦጣዎች የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በዓይን ሽፋሽፍት ቆዳ ውስጥ ተወግቶ በ24፣ በ48 እና በ72 ሰዓት እብጠቱ ይታያል፤ ቦታው የተመረጠው እንስሳው ሳይያዝ ከሩቅ ስለሚታይ ነው። በር ላይ ያለው የጫማ መንከሪያ እበት ከገባበት መድኃኒቱ አይሠራም፤ ጫማው መጀመሪያ በብሩሽ ይጠብ፣ ውሃውም በየቀኑ ይቀየር።

እንስሳው ከመውጣቱ በፊት 15 አኃዝ ያለው ማይክሮቺፕ ይቀበርለትና በመዝገብ ይግባ። በዚህ ሙያ ቁጥር የሚጻፈው በነጥብ ነው፦ 1.3.2 ማለት አንድ ወንድ፣ ሦስት ሴትና ጾታቸው ያልታወቀ ሁለት። መዝገቡ አባትና እናትን ካልያዘ ወንድምና እህት ይዳቀላሉ። ከዱር ጠፍቶ የነበረው የአረቢያ ሳላ በ1982 እ.ኤ.አ. ወደ ኦማን በረሃ ሊመለስ የቻለው በሰው እጅ የተራባ መንጋ ስለነበረ ነው።

ስለ መኖ፣ ጥቂት የሚገድሉ ስህተቶች

አጥንት የሌለው ሥጋ ብቻ የሚበላ የአንበሳ ደቦል ካልሲየም አጥቶ እግሩ ይጎብጣል፣ ይሰበራል፤ ከነአጥንቱ ስጡት ወይም የካልሲየም ዱቄት ጨምሩ። በመርፌ እንዲሞት የተደረገ ፈረስ ወይም ከብት ሥጋ በፍጹም አይገባም፤ መድኃኒቱ በሥጋው ውስጥ ቆይቶ በይውን ይገድላል። በበረዶ የቆየ ዓሣ ቫይታሚን ቢ1 ስለሚያጣ ለፔንግዊንና ለፔሊካን በአንድ ኪሎ ዓሣ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ግራም ይጨመራል፤ ክኒኑ መጀመሪያ በሚሰጠው ዓሣ ስንጥብ ውስጥ ቢደበቅ አይጠፋም። ዓሣውንም ውሃ ውስጥ ሳይሆን ማቀዝቀዣ ውስጥ አሟሙ። ቱካን የሚባለው ባለ ትልቅ መንቁር ወፍ ብረት በጉበቱ ስለሚያከማች ብርቱካንና ሎሚ አይሰጠው፤ በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ ብረቱን የበለጠ ያስመጥጠዋል።

የሌሊት እንስሳት

ጥርኝ፣ ጃርትና የሌሊት ወፍ ቀን ተኝተው ስለሚውሉ ጎብኚው ባዶ ቤት ያየ ይመስለዋል። መፍትሔው መብራቱን መገልበጥ ነው፦ ሌሊት ደማቅ ነጭ መብራት፣ ቀን ደብዛዛ። ለውጡ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተገፋ በሁለት ሳምንት ያህል ይጠናቀቅ፤ መብራቱም በአንድ ጊዜ አይጥፋ፣ ግማሽ ሰዓት የሚሆን ምሽት ይኑረው። ጽዳቱ ደማቁ መብራት በሚበራበት ሰዓት ስለሚሠራ የሠራተኛ ፈረቃ አብሮ ይታሰብ። ይህን ፈረቃ የሚሸፍን ሰው ከሌለ የሌሊት እንስሳ አታስገቡ።

ከዝርዝሩ ማውጣት

መጨመርን ሁሉም ያቅዳል፣ መቀነስን ግን ጥቂቶች ናቸው። በመንጋ የሚኖር ዝርያ ወደ አንድ ሽማግሌ ሲወርድ ሁለት አማራጭ አለ፦ መንጋ ወዳለው ሌላ ግቢ ማዛወር፣ ወይም ጤናው ጉዞ የማይችል ከሆነ ከሚስማማው ዝርያ ጋር ማዳበል። እንስሳው ሲሞት አስከሬኑ ይመርመር፤ ውጤቱ እስኪመጣም ቤቱ ባዶ ይቆይ። ባዶ ቤት የሚያሳፍር ይመስል ዘልሎ መሙላት ልማድ ሆኗል፤ ነገር ግን የሞቱ ምክንያት ሳይታወቅ የሚገባው ተተኪ ያንኑ በሽታ ከአፈሩ ሊወስድ ይችላል። ውጤቱ ንጹሕ ከሆነ የላይኛውን አፈር አንሱ፣ ገንዳውን አድርቁ፣ ከዚያ ወደ ካርታው ተመልሳችሁ የጎረቤቶቹን መስመር እንደገና ፈትሹ።