ኤ እያመጡም ፋይናንሻል ኤይድ ይቆረጣል

አሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ስገባ ፋፍሳ (የፋይናንሻል ኤይድ ማመልከቻ ፎርም) ሞላሁ፣ ፔል ግራንት የሚባለው የመንግሥት የትምህርት ድጎማ ተፈቀደልኝ። በቃ፣ እስክመረቅ የሚከፈልልኝ መሰለኝ። ለካ ኮሌጁ በየጊዜው ሦስት ነገር ያያል፦ ጂፒኤ (አማካይ ውጤት)፣ ከተመዘገባችሁበት ክሬዲት (የክላስ መለኪያ ነጥብ) ስንቱን እንደጨረሳችሁ፣ እና ለዲግሪው በጠቅላላ ስንት ክሬዲት እንደወሰዳችሁ። ይህን ሳፕ (አጥጋቢ የትምህርት እድገት) ይሉታል። ብዙ ኮሌጆች 2.0 ጂፒኤ እና 67 በመቶ ማጠናቀቅ ይጠይቃሉ። እኔን የጣለኝ ሁለተኛው ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ልትርቋቸው የሚገቡ ስሕተቶች ናቸው።

«ድሮፕ ባደርገው ምን ይጎዳኛል?» ማለት

ክላስ ሲከብደን «ኤፍ ከሚመጣብኝ ልተወው» እንላለን። ትራንስክሪፕቱ ላይ ደብሊው (ክላሱን አቋርጧል ማለት ነው) ይጻፋል፣ ጂፒኤ አይነካም። ግን ጀምራችሁ ያልጨረሳችሁት ክሬዲት ሆኖ ይቆጠራል።

በመጀመሪያው ፎል ሴሚስተር 13 ክሬዲት ያዝኩ። ባዮሎጂ 4፣ እንግሊዝኛ፣ ሳይኮሎጂና ሒሳብ ሦስት ሦስት። ሌሊት ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ። ኦክቶበር ላይ ልጄ አስም ተነሥቶበት ሆስፒታል ተኛ። ባዮሎጂውንና ሒሳቡን ተውኳቸው፤ በቀሩት ሁለቱ ኤ አመጣሁ። ጂፒኤዬ 4.0! ማስጠንቀቂያው ግን አልቀረም። ከ13 ክሬዲት የጨረስኩት 6 ነው፣ 46 በመቶ። በቀጣዩ ስፕሪንግ ሴሚስተር 6 ክሬዲት ወስጄ ሁሉንም አለፍኩ። ድምሩ 12 ከ19፣ ማለትም 63 በመቶ ሆነ። አልደረሰም። ኤይዱ ተቆረጠ።

አንድ ሴሚስተር የተበላሸ ነገር በአንድ ሴሚስተር ላይስተካከል ይችላል። ክላስ የምትተዉ ከሆነ ሴሚስተሩ እንደተጀመረ፣ ደብሊው ሳይመዘገብ ተዉት። የመጨረሻው ቀን የኮሌጁ ካላንደር ላይ አለ። ቀኑ ካለፈ መጀመሪያ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሄዳችሁ «ይህን ብተው ስንት በመቶ ላይ እወርዳለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። አስልተው ይነግሯችኋል።

ሳይናገሩ መጥፋት

መርዶ ሲመጣ በማግስቱ አውሮፕላን ላይ ነን። ማን ስለ ክላስ ያስባል? ግን ሁሉንም ክላስ ትታችሁ የሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳያልፍ ከሄዳችሁ፣ ከኤይዱ የተወሰነው ይመለሳል፤ ክፈሉ የሚል ሂሳብም ወደ እናንተ ሊመጣ ይችላል። በ15 ሳምንት ሴሚስተር 60 በመቶ ማለት 9ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ኤርፖርት ሆናችሁም ቢሆን ለአስተማሪዎቻችሁና ለአማካሪያችሁ ኢሜይል ላኩ። የሞት ማስረጃውንና የአውሮፕላን ትኬቱን አትጣሉ፤ በኋላ ኤይዱ እንዲመለስላችሁ አፒል (ይግባኝ) ስትጽፉ ያስፈልጋችኋል።

አፒሉን ልመና ማድረግ

የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ከላይ እስከ ታች «እባካችሁ፣ ገንዘብ የለኝም» ነበር። ውድቅ ሆነ። ችግራችሁን አይጠራጠሩም፤ የሚፈልጉት ሁለት መልስ ነው። ምን ሆናችሁ ነው ያልጨረሳችሁት? አሁንስ ምን ተለወጠ? የዘመድ ሞት፣ በእናንተ ላይ የደረሰ ሕመም ወይም አደጋ፣ ሌላም ከባድ ምክንያት ይቀበላሉ፤ ማስረጃ ግን አያይዙ።

በሁለተኛው ደብዳቤ የልጄን የሆስፒታል ወረቀት አያያዝኩ። ከሥራ ቦታዬም ሺፍቴ ወደ ቅዳሜና እሑድ ቀን መዛወሩን የሚገልጽ ደብዳቤ ጨመርኩ። አንድ ገጽ አልሞላም። ተቀበሉት፤ በፕሮቤሽን፣ ማለትም በክትትል ሥር ሆኜ፣ ተመለስኩ። በቀጣዩ ሴሚስተር 6 ክሬዲት ጨረስኩና 18 ከ25፣ 72 በመቶ ሆንኩ።

«ትንሽ ባርፍ ይረሳል» ብሎ ማሰብ

አይረሳም። ዓመት ቆይታችሁ ብትመለሱም ቁጥሩ ያው ነው። ከኪሳችሁ የከፈላችሁባቸው ክላሶችም ይቆጠራሉ።

ሜጀር ደጋግሞ መቀየር

ኤይድ የሚሰጠው እስከ ፕሮግራሙ ርዝመት 150 በመቶ ነው። ለ60 ክሬዲት ዲግሪ 90 ክሬዲት ማለት ነው። ዛሬ አካውንቲንግ፣ ነገ ነርሲንግ ስትሉ የድሮው ክሬዲት ሊቆጠርባችሁ ስለሚችል፣ ከመቀየራችሁ በፊት ጠይቁ።

የኮሌጁን ኢሜይል አለማየት

ማስጠንቀቂያው የመጣው ወደ ኮሌጁ ኢሜይል ነው፤ እኔ የምከፍተው የግሌን ብቻ ነበር። ያነበብኩት ከመጣ 3 ሳምንት ቆይቶ ነው። ያኔ ስፕሪንግ ተጀምሯል፣ ክላስ መጨመሪያውም ቀን አልፏል። አንድ 3 ክሬዲት ጨምሬ ባልፍ ኖሮ 15 ከ22፣ 68 በመቶ ይሆንልኝ ነበር።