ትኩሳት ባይኖርም፦ አዛውንት ወላጅ ሲታመሙ በጊዜ እንዴት እንወቅ?

እማዬ ቡና አልፈልግም ካለች ነገር አለ ማለት ነው። ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። አንድ ሰሞን ምግብ ዘጋት፣ ቀን ጠፋባት፣ ከአልጋ ስትወርድ ወደቀች። ስንለካት 37.5። «ትኩሳት የላትም፣ እርጅና ነው» ብለን ሁለት ቀን ተቀመጥን። ለካ የሳንባ ምች ኖሯል!

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሴሎቻችን ያለገደብ አይባዙም። እ.ኤ.አ. በ1961 ሌናርድ ሄይፍሊክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር ላብራቶሪ ውስጥ ያሳደጋቸው የሰው ሴሎች 50 ጊዜ ገደማ ተከፋፍለው ቆሙ። ከቆሙት ውስጥ ደግሞ አልሞትም የሚሉ አሉ። ጡረታ ወጥቶ ቢሮውን አልለቅም እንዳለ አለቃ ቁጭ ብለው አካባቢያቸውን የሚያስቆጣ ኬሚካል ይረጫሉ። ወጣት ሰውነት ቶሎ ያጸዳቸዋል፣ ባረጀው ውስጥ ግን ይጠራቀማሉ፤ ስለዚህ ሰውነት ያለ ጠላት ቀን ከሌት ሲቆጣ ይኖርና እውነተኛው ጀርም የመጣ ቀን ምላሹ፣ ትኩሳቱም ጭምር፣ ይዘገያል፣ ይዘበራረቃል።

ሌላም አለ። ከደረት አጥንት ጀርባ ታይመስ የሚባል እጢ አለ፤ ቲ ሴል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች የሚሰለጥኑት እዚያ ነው። ይህ ማሰልጠኛ ገና ከጉርምስና ጀምሮ እየሟሸሸ በስብ ይተካል። አዲስ ምልምል ያንሳል። ኮቪድ አዛውንቶችን ለይቶ ያጠቃበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የድሮ ጠላትም ይነሳል፦ አልማዝ ባለጭራ ማለት በልጅነት የያዘን የጉድፍ ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ተደብቆ ቆይቶ፣ ጠባቂው ሲደክም ብቅ ሲል ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ወላጃችሁ ደህና በሆኑበት ሰሞን ለጥቂት ቀናት ጠዋትና ማታ ሙቀታቸውን ለኩና ጻፉ። በአንድ ቴርሞሜትር፣ በአፍ፣ ትኩስ ነገር ከጠጡም ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ። ግንባር በእጅ ዳብሶ «አልተኮሰም» ማለት ይቅር። አዛውንት ላይ 37.8 ማለፍ አንድ ጊዜም ቢሆን ትኩሳት ነው፤ ከራሳቸው የተለመደ ልክ በ1.1 ዲግሪ ከጨመረም እንደዚያው። የእማዬ የደህና ቀን ልክ 36.3 ነው። ያን ጊዜ ይህን ብናውቅ ኖሮ 37.5 ዝም የሚባል አልነበረም።

ቀጥሎ ጠባይ ነው። ድንገት መዘበራረቅ፣ መውደቅ፣ ምግብ መተው፣ ሽንት ማምለጥ፣ ቀኑን ሙሉ ማንቀላፋት። «እርጅና ነው» አትበሉ፤ እርጅና በሁለት ቀን አይመጣም። «እንዴት ነዎት?» ብሎ መጠየቅም ዋጋ የለውም፣ «ተመስገን፣ ምን ሆኜ» ነው መልሱ። ምን እንደበሉ ጠይቁ፣ ሳህኑን እዩ።

ትንፋሽ ቁጠሩ። ግን አትንገሯቸው፤ ካወቁ አተነፋፈሳቸው ይቀየራል። የደም ምት የምታዩ መስላችሁ እጃቸውን ያዙና ደረታቸውን እያያችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። አርፈው ተቀምጠው 25ና ከዚያ በላይ ከሆነ እስኪነጋ አትጠብቁ። ባለፈው የተረፈ አሞክሳሲሊን ከመሳቢያ አውጥቶ መስጠትም አይሆንም፤ በሽታውን ይሸፋፍነዋል፣ አያድነውም።

ክትባት ያረጀ ሰውነት ላይ እንደ ወጣቱ አይሠራም። ለዚህ ነው አሜሪካ ውስጥ 65 ዓመት ለሞላው ጠንከር ያለ የጉንፋን ክትባት የሚመከረው፤ አንደኛው ዓይነት ከመደበኛው አራት እጥፍ መጠን አለው። የአልማዝ ባለጭራው ደግሞ ከ50 ዓመት ጀምሮ ሁለት ጊዜ ይሰጣል። እዚያ ያላችሁ ወላጅ ሊጠይቃችሁ ሲመጣ አስከትቡ። አገር ቤት ያለን ደግሞ ምን እንደሚገኝ ሐኪም እንጠይቅ፣ ጉንፋን የያዘውም ሰው ጉንጭ መሳም ይተው። እማዬ ይህን «ክብር ማጣት» ትለዋለች፤ እኔ ግን በዚህ አልደራደርም።

እንቅስቃሴን አትናቁ። እንግሊዝ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 79 የሆኑ፣ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ብስክሌት ሲነዱ የኖሩ 125 ሰዎች ተጠንተው ታይመሳቸው እንደ ወጣት አዳዲስ ቲ ሴል ሲያወጣ ተገኝቷል። እናታችሁን ብስክሌት ላይ አውጡ አልልም፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም በእግር ከሄዱ ግን «ይደክማሉ» ብላችሁ በታክሲ አታመላልሷቸው።

«ያረጀ ሴል የሚጠርግ» ተብሎ ኦንላይን የሚሸጥ ክኒን አትግዙ። እየተሞከሩ ካሉት አንዱ ዳሳቲኒብ የደም ካንሰር መድኃኒት ነው፣ ቀልድ አይደለም።

ሆስፒታል ስትሄዱ ያቺን የሙቀት ወረቀትና የሚወስዱትን መድኃኒት ዝርዝር ያዙ። ነርሷ ለምሳሌ 37.4 አይታ «ደህና ናቸው» ካለች «የእሳቸው ልክ 36.2 ነው» በሏት። የእማዬ ልክ ፍሪጅ ላይ ተለጥፏል፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ የሎተሪ ቁጥር ይመስለዋል።