የባህር አረም ረጭተው ተባዩ አልቀነሰም? ችግሩና መፍትሄው

ከግብዓት ሱቅ የሚገዛው ጥቁር ቡናማ ፈሳሽ ወይም ጥቁር ዱቄት አብዛኛውን ጊዜ ከቡናማ የባህር አረም የተሠራ ነው። አንዱ ከሰሜን አትላንቲክ ጠረፍ የሚታጨደው አስኮፊለም ኖዶሰም ሲሆን፣ ሌላው ከደቡብ አፍሪካ ምዕራብ ጠረፍ የሚመጣው ኤክሎኒያ ማክሲማ ነው። ውስጡ አልጂኔት፣ ላሚናሪን፣ ማኒቶል፣ ቤታይን፣ ፖታሽየምና ጥቂት የእድገት ሆርሞን ይገኛል። ነፍሳት የሚገድል መርዝ የለበትም። ላሚናሪን ቅጠሉ ላይ ሲያርፍ ተክሉ ጠላት የመጣበት ይመስለውና መከላከያውን ያዘጋጃል፤ ይህ ደግሞ ቀናት ይፈልጋል። ከዚህ በታች ያሉት ብዙዎቹ ችግሮች የሚነሱት ምርቱን እንደ ፀረ ተባይ ኬሚካል ቆጥሮ ከመጠቀም ነው።

ከረጩ ሦስት ቀን ሆኖታል፣ ክሽክሹ ግን እንዳለ ነው

መሞት አልነበረበትም። ክሽክሽ አንዴ ቅጠሉን ጠቅልሎ ውስጡ ከተደበቀ የባህር አረም ብቻውን አያወርደውም። መጀመሪያ በሳሙና ማጠብ ያስፈልጋል፦ በአንድ ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ለተክል የተዘጋጀ ፈሳሽ የፖታሽየም ሳሙና፣ ቅጠሉን ገልብጦ ከሥሩ በኩል። ሳሙና የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ ያልረጠበ ክሽክሽ ይተርፋል፤ ከአምስት ቀን በኋላ ይድገሙት። የልብስ ዱቄት ሳሙና ግን አይጠቀሙ፤ ለጋ የቃሪያና የጎመን ቅጠል ያቃጥላል። የባህር አረሙ ተራ የሚደርሰው ክሽክሹ ከተራገፈ በኋላ፣ አዲስ የሚወጣውን ቅጠል ለማጠንከር ነው።

ክሽክሹ በሳምንት ውስጥ ከተመለሰ ዩሪያውን ይጠርጥሩ። ናይትሮጅን የበዛበት ተክል ጭማቂው ለክሽክሽ የተመቸ ነው፤ በዚያ ላይ የባህር አረሙን ከመጠን በላይ ከጨመሩ ሆርሞኑ ሌላ ለጋ ቡቃያ ያስወጣል። ግንዱ ላይ ጉንዳን ሲመላለስ ካዩም መንገዱን ይዝጉበት፤ የክሽክሹን ጣፋጭ ፈሳሽ ለመልቀም ሲል ከጠላቶቹ ይጠብቀዋልና።

መጠኑ ስንት ነው? በክዳን ለክተው ከሆነ አያውቁትም

የሀይላንድ ክዳን እንደ ፋብሪካው ይለያያል፤ አንዱ ሙሉ አድርጎ፣ ሌላው ጎደል አድርጎ ይቀዳል። መርፌው የወጣለት 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ከፋርማሲ ይግዙና መድኃኒት መለኪያ ብቻ ያድርጉት። የዕቃው መመሪያ ቅድሚያ አለው። ለተለመደው ፈሳሽ በሊትር ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃል። 4 ቢወስዱ ለ16 ሊትር መርጫ 64፣ ለ20 ሊትር መርጫ 80 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ ጥማድ ቲማቲም፣ ማለትም ሩብ ሄክታር፣ በ100 ሊትር ውሃ ከተረጨ አምስት ባለ 20 ሊትር መርጫ ይሆናል፤ ለዚያ 400 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ዱቄት ከሆነ በሊትር ከግማሽ እስከ 1 ግራም ነው።

የቅጠሉ ጫፍና ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ደረቀ

ሦስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። መጠኑ በዝቶ ከሆነ ቃጠሎው በመላው ማሳ እኩል ይታያል። በጠራራ ፀሐይ ተረጭቶ ከሆነ ከላይ ያሉት ቅጠሎች ብቻ ይጎዳሉ፤ ጠዋት ጤዛው እንደደረቀ ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ መርጨት ያድናል። ሦስተኛው ጨው ነው፤ ሳይታጠብ ከደረቀ አረም የተሠራ ርካሽ ዱቄት ሶዲየሙ ከፍተኛ ይሆናል። የመስኖው ውሃ ራሱ ጨዋማ በሆነበት፣ ለምሳሌ በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ የጉድጓድ ውሃዎች፣ ይህ ጎልቶ ይወጣል። እንዲህ ከሆነ ርጭቱን ያቁሙ፤ የቀረውን ዱቄት ቅጠል ላይ ሳይሆን ኮምፖስት ውስጥ በትንሽ በትንሹ ይጨርሱት።

ኖዝሉ ደፈነ፣ ማጣሪያው ላይ ጄሊ ተጠራቀመ

ማጣሪያውን አውጥተው በጣት ሲነኩት የሚያሙለጨልጭ፣ ሲስቡት እንደ ንፍጥ የሚረዝም ቡናማ ነገር ካገኙ፣ ያ አልጂኔት ከካልሲየም ጋር ተያይዞ የረጋ ነው። ቲማቲም ከታች እንዳይበሰብስ ተብሎ ካልሲየም ናይትሬት በዚያው መርጫ ውስጥ ተጨምሯል ማለት ነው፤ ካልሆነም ውሃው ራሱ ካልሲየም የበዛበት ነው። አንዴ ከረጋ በማማሰል አይሟሟም። ድብልቁን በማሳው ጠርዝ አፍስሰው መርጫውን፣ ቱቦውንና ኖዝሉን በንጹሕ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ያጥቡ። ኖዝሉን በሽቦ አይውጉት፤ ቀዳዳው ከሰፋ ርጭቱ ጠብታ ይሆናል። የጥርስ ብሩሽ ይሻላል። ካልሲየሙን ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ለብቻው ይርጩ።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ሎሚ ወይም ሲትሪክ አሲድ አብዝተው ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ አሲዱ ይበዛል) ከ4 በታች ከወረደ አልጂኔቱ እንደተቋረጠ ወተት ይበጣጠሳል። ውጤቱ ያው መድፈን ነው።

ከመጀመሪያው ለማወቅ አንድ ሊትር ውሃ በጠራ ሀይላንድ ይያዙ፤ ሊደባልቁ ያሰቡትን ሁሉ፣ የባህር አረሙንም ጨምረው፣ በልኩ ያስገቡ። ነቅንቀው ግማሽ ሰዓት ያቆዩት። ዝቃጭ፣ ክር ወይም እብጠት ከታየ፣ ወይም ጠርሙሱ ከሞቀ፣ ያ ድብልቅ መርጫ ውስጥ አይገባም።

ከፀረ ተባይ ጋር ቀላቅለው ሁለቱም ሳይሠሩ ቀሩ

ብዙ ሰው የሚስተው ይሄን ነው። አብዛኛው የባህር አረም የሚወጣው በፖታሽየም ሃይድሮክሳይድ ተቀቅሎ ስለሆነ ፈሳሹ አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ነው። እንደ ዳይሜቶኤትና ማላታይን ያሉ ኬሚካሎች ደግሞ አልካላይን ውሃ ውስጥ ይፈርሳሉ፤ መርጫው ውስጥ እያሉ ኃይላቸው ያልቃል። የኒም ጭማቂና ቢቲ የሚባለው ባክቴሪያም አልካላይን አይወዱም። ገበሬው «መድኃኒቱ የውሸት ነው» ብሎ ሱቁን ሊወቅስ ይችላል፤ መድኃኒቱ ግን ደህና የነበረ ሊሆን ይችላል።

ቀላሉ መፍትሄ ለየብቻ መርጨት ነው። መደባለቅ ግድ ከሆነ የተበረዘውን ውሃ በፒኤች ወረቀት ይለኩ፤ ሲትሪክ አሲድ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ከ6 እስከ 6.5 ያውርዱት። ኬሚካሉ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። የተደባለቀውን በዚያው ቀን ይጨርሱ። የባህር አረም ለብቻው ሲረጭ ከለቀማ በፊት የመጠበቂያ ቀን ብዙ አያሳስብም፤ ከኬሚካል ጋር ከተቀላቀለ ግን የኬሚካሉ የመጠበቂያ ቀን ሙሉ በሙሉ ይከበራል።

ቀይ ሸረሪት

የባህር አረም ስሙን ያስጠራው እዚህ ላይ ነው። በ1990 በታተመ ሙከራ ከአስኮፊለም የተሠራ ፈሳሽ በእንጆሪ ላይ የነበረውን ባለ ሁለት ነጥብ ቀይ ሸረሪት ቀንሶታል። ይሁንና ቅጠሉ ነሐስ መስሎ ድር ካደራ በኋላ ቢረጩ አይጠቅምም። በደረቁ ወራት ሙቀቱ ሲጀምር ቅጠሉን ነጭ ወረቀት ላይ መታ መታ ያድርጉት፤ የሚንቀሳቀስ የአቧራ ቅንጣት ካዩ ጊዜው ነው። ከ7 እስከ 10 ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ፣ ኖዝሉን ወደ ላይ አዙረው የቅጠሉን ሆድ ይርጩ። የላዩ ብቻ ከረጠበ ልፋቱ ባክኗል።

ሸረሪቱ ከርጭት በኋላ ጭራሽ ከበዛ፣ በቅርቡ ላምዳሳይሃሎትሪን የሚባለው ፀረ ነፍሳት ኬሚካል ወይም ዘመዱ ተረጭቶ እንደነበር ያስታውሱ። እነዚህ ሸረሪቱን የሚበሉትን ጠቃሚ ፍጥረታት ይጨርሱና ሜዳውን ለእሱ ይለቁለታል። ከተስፋፋ በውሃ የሚበተን ሰልፈር መርጨት ይቻላል፤ በቀኑ ሙቀት ግን ቅጠል ያቃጥላል።

ቱታ አብሶሉታ

በ2012 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኢትዮጵያ የገባው ይህ የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ በቅጠሉ ሁለት ቆዳ መካከል ስለሚኖር የባህር አረም አይደርስበትም፤ ለእሱ ብለው ገንዘብ አያውጡ። የፌሮሞን ወጥመድ (ወንዱን በሴቷ ሽታ የሚስብ) በውሃ ሳህን ላይ ይስቀሉ፣ የተሰረሰረውን ቅጠል ለቅመው በላስቲክ ቋጥረው ፀሐይ ላይ ይተዉ፣ ቢቲውን ትሉ ገና ሲፈለፈል በምሽት ይርጩ።

ጄሪካኑ አብጧል፣ ሲከፈት የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል

የዓሣና የባህር ሽታ ጤነኛ ነው። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ግን ባክቴሪያ እንደገባበት ያሳያል፤ አብዛኛውን ጊዜ እርጥብ መለኪያ ውስጡ ስለተነከረ ነው። ክዳኑን ቀስ ብለው፣ ፊትዎን አዙረው ይክፈቱ፤ ይዘቱን ኮምፖስት ላይ ያፍስሱ። ቀጣዩን በጥላ ያስቀምጡ።

«የአልጌ ዱቄት» ጎተራ ውስጥ ነሰነስኩ፣ ነቀዙ አልሞተም

ይህ የስም መምታታት ነው። ነቀዝ የሚገድለው የባህር አረም ዱቄት ሳይሆን ዲያቶማይት ነው፤ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ቅሪት ሐይቅ ወለል ላይ ተከማችቶ የሠራው ነጭ አፈር። በአዳሚ ቱሉ አካባቢም ክምችት አለ። የነፍሳቱን ሰም ቆዳ ቧጥጦ ውሃቸውን አሟጦ ይገድላል፤ ስለዚህ እህሉ እርጥብ ከሆነ አይሠራም። በቆሎው ከ13 በመቶ በታች እስኪሆን አስጥተው ያድርቁት። ለጎተራ የተዘጋጀውን ምርት በኪሎ 1 ግራም፣ ማለትም በኩንታል 100 ግራም ገደማ፣ ከፍሬው ጋር በደንብ ያሹት፤ ከላይ መነስነስ ብቻ አይበቃም። ሲያሹ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል።