ካርቦን ፓራውልት ገጥማችሁ ካስቸገራችሁ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የብረቱን ፓራውልት አውርዶ ካርቦን ፋይበር (የካርቦን ክር በሬዚን ማለትም በሚደርቅ ሙጫ ተጣብቆ የሚሰራ) መግጠም ምኑ እንደሚጥም ከጎሃ ጽዮን ወርዶ አባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን የወጣ ሹፌር ያውቀዋል። ካርቦን በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1.6 ግራም አካባቢ ነው የሚመዝነው ብረት ግን 7.8 ነው፣ ስለዚህ ከፊት የሚነሳው ኪሎ ቀላል አይደለም። ግን ባህርዳርም በሉት ማርቆስ አብዛኛው ጋራዥ እጁን የፈታው በላሜራ ስለሆነ ካርቦኑንም በዛው እጁ ይበሳዋል፣ በዛው ጉልበት ያጠብቀዋል፣ ከዛ ትንሽ ቆይቶ ሲሰነጠቅ "ዕቃው ፎርጅድ ነው" ይባላል። ፎርጅድ አይጠፋም እሱ እውነት ነው፣ እኔ ካየሁት ግን አብዛኛው ጣጣ የአገጣጠም ነው።

አፍንጫው ተነሳ፣ ማታ ከፊት የሚመጣው ሁሉ መብራት እያበራ ይሳደባል

ይሄ የካርቦኑ ጥፋት አይደለም። ድሮ ከባድ የብረት ፓራውልት ከነዊንቹ (ከጭቃ የሚያወጣው መጎተቻ) ስለነበረ የፊት ሞላው በጠንካራ ተቀይሯል፣ አሁን ክብደቱ ሲነሳ ሞላው ወደ ላይ ይገፋዋል፣ መብራቱም አብሮ ቀና ይላል። መፍትሄው ሞላውን ለአሁኑ ክብደት በሚሆን መመለስ ነው፣ ቶርሽን ባር (በሞላ ፈንታ እየተጠመዘዘ የሚሸከም ዘንግ) ያለው ፒክአፕ ከሆነ ደግሞ በማስተካከያ ብሎኑ ዝቅ ይደረጋል። ከዛ የግድ አላይመንት፣ ከፍታው ሲቀየር የጎማው አቋቋም ስለሚቀየር ጎማ በአንድ ጎን ይበላል። መብራቱን ለማየት ደልዳላ ቦታ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቃችሁ አቁሙ፣ የአጭሩ መብራት የላይኛው ጠርዝ ከአምፑሉ መሃል ከፍታ 10 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ካረፈ ደህና ነው።

ብሎኑ ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ስንጥቅ

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ብሎኑን ፈታችሁ ሮንዴላውን አንሱና ስሩን እዩት፣ ሮንዴላው ሰርጉዶ ክብ ማህተም ጥሎ ከሆነ ከመጠን በላይ ጠብቋል ማለት ነው። ብረት ሲጠብቅ ትንሽ ይለጠጥና ይይዛል፣ ካርቦን ግን በውፍረቱ በኩል ሲጨመቅ ሬዚኑ ይደቃል፣ አንዴ ከደቀቀ ደግሞ ብሎኑ ይላላል፣ መካኒኩ ሲላላ ጊዜ እንደገና ያጠብቀዋል፣ እንደዛ እንደዛ እያለ ቀዳዳው ሞላላ ይሆናል። መፍትሄው ቀዳዳው ውስጥ ልክ በካርቦኑ ውፍረት የተቆረጠ የስቴንለስ ቡሽ (አጭር ቱቦ) ማስገባት ነው፣ ያኔ ብሎኑ የሚጨምቀው ቡሹን እንጂ ካርቦኑን አይደለም። ከሁለቱም በኩል ሰፊ ሮንዴላ ይግባ፣ የሚላላ ከሆነ ናይሎን ያለው ዳዶ ተጠቀሙ እንጂ ጉልበት አትጨምሩ፣ ቶርክ ሬንች (የሚያጠብቀውን ጉልበት የሚለካ ቁልፍ) ካለ ደግሞ አምራቹ በጻፈው ልክ ብቻ። ቀዳዳው ለጠርዝ የቀረበ ከሆነም ይሰነጠቃል፣ ከቀዳዳው መሃል እስከ ጠርዙ ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ሶስት እጥፍ ተዉለት፣ በ13 ቁልፍ ለሚፈታው 8 ሚሊ ብሎን 24 ሚሊ ማለት ነው።

አዲስ መብሳት ካለባችሁ ፑንታው ካርባይድ (ከተራ ብረት በጣም የጠነከረ) ይሁን፣ የተለመደው ወዲያው ይደነዝና ክሩን መቁረጥ ትቶ ይጎትተዋል፣ በጀርባ በኩል ተላጥቶ የሚወጣው ለዛ ነው። ከጀርባው እንጨት አስደግፉ፣ ሳትጫኑ ቀስ ብላችሁ ብሱ። ማስክ ግዴታ ነው፣ በፎጣ አፍንጫ ሸፍኖ መብሳት የሚባል ነገር የለም ያ ዱቄት ሳንባ አይምርም። ዱቄቱ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል፣ ስለዚህ ቦኔቱን ከፍታችሁ ዲናሞው አጠገብ አትብሱ፣ አውርዳችሁ ውጪ ስሩት።

የአሉሚኒየም መያዣው ላይ ነጭ ዱቄት ወጣ

ክረምቱን እንጅባራ ወይ ዳንግላ የከረመ መኪና ላይ ይሄ በደንብ ይታያል። ካርቦን ከአሉሚኒየም ጋር ተነካክቶ መሃሉ እርጥበት ከገባ ባትሪ ሆነ ማለት ነው፣ የሚበላው ደግሞ አሉሚኒየሙ ነው። ዚንክ የተቀባ ተራ ብሎንም እንደዛው፣ መጀመሪያ ዚንኩ ይሄዳል ከዛ ይዝጋል። ካርቦኑ ራሱ ምንም ስለማይሆን ከውጪ ሲያዩት አዲስ ነው፣ ከውስጥ ግን መያዣው እየተበላ ነው። ፍቱት፣ ነጩን በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ፣ ጉድጓድ ጉድጓድ ካለው መያዣውን ቀይሩ። መልሳችሁ ስትገጥሙ ሁለቱ እንዳይነካኩ መሃላቸው አንድ ድርብ ፋይበር ግላስ በኢፖክሲ ሬዚን ይለጠፍ ወይ ጎማ ይግባ፣ ብሎኑ ስቴንለስ፣ ከስቴንለሱ ብሎን ጋር ደግሞ አሉሚኒየሙን የሚለይ የናይሎን ቡሽ። ከፓራውልቱ ጀርባ ጭቃ የሚቋጠርበት ኪስ ካለ ውሃ መውረጃ ክፈቱለት፣ የኛ አገር ዋልካ አንዴ ከገባ እስከ ጥቅምት እርጥበቱን ይዞ ይቀመጣል።

ሲሞቅ ይንጫጫል፣ ሲበርድ ዝም ይላል

ካርቦን በሙቀት አይለጠጥም ማለት ይቻላል፣ ከስሩ ያለው አሉሚኒየም ግን ይለጠጣል። 1.5 ሜትር አሉሚኒየም በ40 ዲግሪ ልዩነት ከ1 ሚሊ በላይ ይረዝማል፣ ጮቄ ጠዋት ውርጭ ላይ ያደረ መኪና ቀትር ላይ አባይ በረሃ ቢወርድ ይህን ልዩነት አያጣም። ሁሉም ብሎን ድርቅ ብሎ ከታሰረ የሚንጫጫው ለዛ ነው። መሃሉን አጥብቃችሁ እሰሩ፣ የዳርና የዳሩን ቀዳዳ በመያዣው ብረት ላይ ወደ ጎን ሞላላ አድርጉት።

በነገራችን ላይ ቅርጹ ራሱ ተጣሞ ከተገኘ ኢፖክሲው በምድጃ ያልበሰለ ነው። በክፍል ሙቀት ብቻ የደረቀ ብዙ ኢፖክሲ 60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፣ ጥቁር ነገር ፀሐይ ላይ ሲውል ደግሞ እዛ ይደርሳል። ይሄኛውስ የዕቃው ችግር ነው፣ ሻጩን ያዙት።

ፓውዛውን ሳበራ ፊውዝ ይበላል

ካርቦን ፕላስቲክ አይደለም፣ ያስተላልፋል። የተላጠ ሽቦ ከነካው ሾርት ነው። ሽቦው በቀዳዳ የሚያልፍበት ላይ ጎማ ይግባ፣ ኔጋቲቩን ፓራውልቱ ላይ ሳይሆን በራሱ ሽቦ ሻንሲ ላይ እሰሩ። አዲስ ሞዴል መኪና ከሆነና ራዳሩ ከፓራውልቱ ጀርባ ካለ ካርቦን ያግደዋል፣ ዳሽቦርድ ላይ መብራት ይበራል፣ ለራዳሩ ክፍት ቦታ ከመተው ሌላ መላ የለውም።

ቢጫ እየሆነ፣ እየደበዘዘ ነው

ፀሐይ ነው። በቀጭኑ ብርጭቆ ወረቀት አሽታችሁ ዩቪ (የፀሐይ ጨረር) የሚከላከል ክሊር አስቀቡት።

ከተመታ በኋላ ከላይ ምንም የለውም፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም

በሬ ወይ ጋሪ ከነካው ብረት ይጎረብጣል ታዩታላችሁ፣ ካርቦን ግን ከውስጥ ተላቆ ከላይ ሊያብረቀርቅ ይችላል። የአንድ ብር ሳንቲም ያዙና በጠርዙ ቀስ እያላችሁ አንኳኩት፣ ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፣ የተላቀቀው ድፍን ያለ፣ የታፈነ። ድምፁ የተቀየረበትን በእርሳስ ክበቡት። ከዛ የደቀቀውን ደረጃ በደረጃ እየሰፋ በሚሄድ ተዳፋት ሞርዶ አዲስ የካርቦን ጨርቅ በኢፖክሲ መደረብ ነው፣ ስቱኮ ሞልቶ መቀባት ግን ቁስል ላይ ልብስ መልበስ ነው። ርካሹ ፖሊስተር ሬዚን በደረቀ ኢፖክሲ ላይ በደንብ አይዝም፣ አትሞክሩት። ብርድ ቦታ ላይ ካላችሁ ቤት ውስጥ አሙቃችሁ ስሩ፣ ኢፖክሲ ሲበርደው ቶሎ አይደርቅም።

ጭቃ ውስጥ ተይዤ ሲጎትቱኝ ተገንጥሎ ቀረ

ያው ገመዱ ፓራውልቱ ላይ ታስሮ ነበር ማለት ነው። መንጠቆውም ዊንቹም በቀጥታ ሻንሲው ላይ በተበየደ ወይ በታሰረ ብረት ላይ ይሁኑ፣ ካርቦኑ ከላይ ሽፋን ብቻ ነው። ክሪክም ከስሩ አታስገቡ። ከፋብሪካ የመጣውን ግጭት የሚቀበል የውስጥ ብረት ደግሞ "ክብደት ነው" ብላችሁ እንዳትጥሉት፣ ኤርባጉ መቼ እንደሚፈነዳ የተሰላው እሱ ባለበት ነው። ካርቦኑ ለዚያ ብረት የሚበቃ ቦታ ከሌለው ያ ፓራውልት ለናንተ መኪና አይሆንም፣ መልሱት።